ይርጋጨፌ ሲወደድ ጌዴኦ ምን ያገኛል?

መስከረም 6 ቀን 2016 ዩኔስኮ ሪያድ ላይ ባካሄደው ጉባኤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ዓመት ሳይሞላው የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በ2017 በጀት ዓመት ደግሞ የአገሪቱ የቡና ወጪ ንግድ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ በማስገባት ክብረ ወሰን ሰበረ። እነዚህ ዜናዎች ተከታትለው በመሰማታቸው ስለ ይርጋጨፌ ቡና የሚደረገው ንግግር በሁለት ጎራ ተከፍሏል። አንዱ ወገን የአካባቢው ገበሬ አሁንማ አልፎለታል ይላል። ሌላው ውጭ አገር አንድ ስኒ ቡና የሚሸጥበትን ዋጋ ከአንድ ኪሎ እሸት ቡና ዋጋ ጋር ያስተያይና ገበሬው እየተዘረፈ ነው ብሎ ይደመድማል።

ሁለቱም አባባሎች ሦስት የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ ላይ ያደባልቃሉ፦ መሬቱን፣ ስሙንና ዋጋውን። መሬቱ በቅርስነት ተመዝግቧል። ስሙ በንግድ ምልክትነት ተመዝግቧል። ዋጋው የሚቆረጠው ግን ሁለቱም በማይደርሱበት ቦታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቡናው ጥራት ገና ባልታወቀበት ጊዜ ነው። ይህ የጊዜ ልዩነት በክርክሩ ውስጥ እምብዛም አይነሣም፤ የችግሩ ቁልፍ ግን እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ከሩቅ ደን፣ ከቅርብ ጓሮ

ጌዴኦ ዞን በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ ተዳፋት አገር ነው። ከዲላ ተነሥቶ በወናጎ፣ በይርጋጨፌና በኮቸሬ አድርጎ ወደ ገደብ የሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኙ ከሩቅ ሲታይ ደን ይመስላል። ቀረብ ሲሉት የሰው ጓሮ ነው። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች ጥላ ጥለዋል፤ ከሥራቸው እንሰት ሰፋፊ ቅጠሉን ዘርግቷል፤ በእንሰቱ መካከል ቡና ቆሟል፤ ከቡናው ሥር ጎደሬና ጎመን ይገኛል። ባለሙያዎች ይህን አሠራር አግሮፎረስትሪ ይሉታል፤ ዛፍና ሰብል በአንድ ማሳ ላይ ተደጋግፈው የሚለሙበት እርሻ ማለት ነው።

በአንዳንድ የዞኑ ወረዳዎች በካሬ ኪሎ ሜትር ከ1,000 ሰው በላይ ይኖራል። እንዲህ የተጨናነቀ ሕዝብ በእንዲህ ያለ ዳገት ላይ ሲያርስ አፈሩ ተጠርጎ ቢያልቅ የሚያስገርም አልነበረም። አፈሩ የቆየው በዚሁ ድርብርብ አተካከል ነው። የዛፎቹ ሥር ዳገቱን ይይዛል፤ እንሰቱ እርጥበት ያቆራል፤ የረገፈው ቅጠል በስብሶ ማዳበሪያ ይሆናል።

እንሰቱ ለቡናው የሚሰጠው ሌላም ጥቅም አለ፤ ይህኛው በገበያ ትንታኔ ውስጥ ሲነሣ አይሰማም። ቡና በዓመት አንዴ ገንዘብ ያመጣል፤ እንሰት ግን የዓመት ቀለብ ነው። ጓሮው ውስጥ ለቆጮ የደረሰ እንሰት ያለው ቤተሰብ ቡናው ቀይ እስኪሆን መጠበቅ ይችላል። እንሰት የሌለው ደግሞ በክረምቱ ማብቂያ ችግር ሲጸናበት ገና በዛፍ ላይ ያለ ቡናውን በርካሽ ይሸጣል ወይም ሳይቀላ ይለቅማል። በጣዕሙ ተመርጦ ለሚሸጠው ቡና፣ ስፔሻሊቲ ለሚባለው ገበያ፣ ከምንም በላይ የሚፈለገው በደንብ የቀላ እሸት ነው። ስለዚህ የጥራቱ አንዱ ምንጭ የቤቱ የምግብ ዋስትና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቅርሱ ግን እርሻ ብቻ አይደለም። በተራሮቹ ጀርባ ላይ እንደ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ ያሉ የትክል ድንጋይ ስፍራዎች አሉ፤ በዞኑ ውስጥ የሚገኙት ትክል ድንጋዮች በሺዎች ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ የአርኪዮሎጂ ጥናት ሳካሮ ሶዶ የተባለውን ስፍራ ዕድሜ ወደ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ወስዶታል፤ ይህም ቀድሞ ከሚገመተው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። ከድንጋዮቹ ሌላ ዛፋቸው የማይቆረጥ የተከበሩ ደኖች፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት ሶንጎ እና ባሌ የሚባለው የአስተዳደር ሥርዓት አሉ። የትኛው ዛፍ መቼ ይቆረጣል፣ የትኛውስ አይነካም የሚለው ነገር ለብዙ ዘመን የኖረው በግብርና ባለሙያ መመሪያ ሳይሆን በዚህ ሥርዓት ነው።

መመዝገቡ ምን ያመጣል ለሚለው መልሱ አጭር ነው። የዓለም ቅርስነት በየዓመቱ የሚላክ ገንዘብ አያስገኝም፤ የቡና ጥራት ማረጋገጫም አይደለም፤ የዩኔስኮን ዓርማ በቡና ከረጢት ላይ ያለ ፈቃድ ማተምም አይቻልም። በዋናነት ግዴታ ነው፤ መንግሥት ስፍራውን በነበረበት ይዘት ሊጠብቅ ቃል ገብቷል። የጥበቃው ሸክም ግን በተግባር የሚያርፈው በየጓሮው ዛፉን ሳይቆርጥ በሚያቆየው ቤተሰብ ላይ ነው።

ስፔሻሊቲ የሚባለው በምን ይለካል?

ስፔሻሊቲ ቡና የሚለውን አጠራር እ.ኤ.አ. በ1974 በአንድ የሻይና የቡና ንግድ መጽሔት ላይ ያስተዋወቁት ኤርና ክኑትሰን የተባሉ የቡና ነጋዴ ናቸው። ሐሳባቸው የተለየ የአየር ጠባይ ያላቸው ቦታዎች የተለየ ጣዕም ያለው ቡና ይሰጣሉ የሚል ነበር። ኋላ ላይ ነገሩ በቁጥር ተቀመጠ፤ ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ስፔሻሊቲ ይባላል።

ነጥቡን የሚሰጡት የሠለጠኑ ቀማሾች ናቸው። ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ ይዘጋጃል፤ በተፈጨው ቡና ላይ ፈላ ውኃ ይጨመራል፤ አራት ደቂቃ ያህል ሲሞላው ላዩ ላይ የጋገረውን በማንኪያ ገፋ አድርገው ያሸቱታል፤ ከዚያም እየበረደ ሲሄድ ደጋግመው ማግ ያደርጉታል። አምስት የሚሆነው በምክንያት ነው። ከአምስቱ አንዱ ስኒ ቢበላሽ ያ ቡና ወጥ አይደለም ማለት ነውና ነጥቡ ይቀንሳል። አንድ ያልበሰለ ወይም የተብላላ ፍሬ የአንድ ስኒ ጣዕም ሊለውጥ ይችላል።

የይርጋጨፌ የታጠበ ቡና የሚታወቅበት የአበባና የሎሚ ጠረን፣ አፍ ላይ ቀለል ማለቱና ጥርት ያለ ኮምጣጣነቱ ከብዙ ነገር ተባብሮ የሚመጣ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 እስከ 2,200 ሜትር ባለው ከፍታና በዛፍ ጥላ ሥር ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል። ኩሩሜ፣ ወሊሾና ደጋ የሚባሉት የአካባቢው ዝርያዎችም ድርሻ አላቸው። ቀሪው የሰው እጅ ነው፤ የሚበላሸውም እዚያው ነው።

ዋጋው ከጥራቱ ቀድሞ ይወሰናል

በለቀማው ወቅት፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ገበሬው የለቀመውን እሸት በዚያው ቀን ማስረከብ አለበት። ካደረ ይብላላል። በማጠቢያ ጣቢያው በር ላይ አረንጓዴውና በዛፍ ላይ የደረቀው ፍሬ ተለቅሞ ይወጣል፤ ቀዩ ይመዘናል፤ የዕለቱ ዋጋ ይከፈላል። ለአብዛኛው ገበሬ ግብይቱ እዚህ ላይ ያበቃል።

የቡናው ጉዞ ግን ገና መጀመሩ ነው። እሸቱ ይፈለፈላል፤ ከ36 እስከ 48 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በገንዳ ውስጥ ይቆያል፤ በቦይ ውስጥ እየተገፋ ይታጠባል፤ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ለሁለት ሳምንት ያህል ይደርቃል። ቀን በቀን ሴቶች ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው የተሰበረውንና የጠቆረውን በእጃቸው ይለቅማሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ እንዳይሰነጥቀው ይሸፈናል። እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ሲወርድ መጋዘን ገብቶ ያርፋል፤ ኋላም ተቀሽሮ ይቀመሳል። 84 ነጥብም ይሁን 89 የሚታወቀው ያኔ ነው፤ ገበሬው ገንዘቡን ከተቀበለና ምናልባትም ከጨረሰ ከወራት በኋላ።

ሁለተኛው ጉዳይ ድብልቁ ነው። በአንድ ጣቢያ ገንዳ ውስጥ በአንድ ቀን የሚገባው እሸት በመቶዎች ከሚቆጠሩ ጓሮዎች የመጣ ሊሆን ይችላል። ጥላውን የጠበቀው፣ ቀዩን ብቻ የለቀመው ሰው ቡና ከጎረቤቱ ቡና ጋር አንድ ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ ነጥብ ቢመጣ እንኳ የማን ጓሮ እንዳመጣው የሚነግር ነገር የለም። ገበሬው የሚያገኘው የዕለት ዋጋ ከነጥቡ ይልቅ የሚከተለው የዓለም ቡና ዋጋ የሚቆረጥበትን የኒው ዮርክ የዓረቢካ ገበያ፣ በአካባቢው ያሉ ጣቢያዎች እርስ በርስ ያላቸውን ፉክክርና የጣቢያው ባለቤት በእጁ ያለውን ጥሬ ገንዘብ ነው። ፉክክሩ በጠነከረበት ዓመት የእሸት ዋጋ በእጅጉ ሊወጣ ይችላል። ግን ያኔም ቢሆን የሚከፈለው ለኪሎው እንጂ ለጣዕሙ አይደለም።

እዚህ ላይ «ተዘረፈ» የሚሉት ወገኖች የሚያቀርቡት ስሌት መታረም አለበት። አንድ ኪሎ ለወጪ ንግድ የተዘጋጀ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ቡናው ሲቆላ ደግሞ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ያጣል። በለንደን ወይም በሴኡል በሚሸጠው ስኒ ውስጥ የቤት ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ወተትና ግብር አለበት። የእሸትን ዋጋ በቀጥታ ከስኒ ዋጋ ጋር ማወዳደር እውነቱን አያሳይም። ትክክለኛው ንጽጽር ላኪው ለዚያ ቡና ያገኘውን ዋጋ ለገበሬው ከተከፈለው ጋር፣ እሸቱን ወደ ንጹሕ ቡና መንዝሮ ማስተያየት ነው። በዚህ ስሌት የወጪ ንግድ ዋጋው ሰፊ ድርሻ ገበሬው ዘንድ የሚደርስባቸው ዓመታት አሉ፤ የማይደርሰው በነጥቡ ምክንያት የሚጨመረው ብልጫ ነው።

ብልጫው ወደ ገበሬው የሚመለስባቸው መንገዶች አሉ። አንደኛው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በሥሩ ያሉት ማኅበራት ቡናው ተሸጦ ትርፉ ከታወቀ በኋላ ለአባላት ሁለተኛ ክፍያ እንዲያከፋፍሉ ያስችላል። ዋጋ ከጥራት መቅደሙ የሚያመጣውን ክፍተት በቀጥታ የሚነካው ይህ አሠራር ነው። ደካማ ጎኑ ጥሬ ገንዘብ ነው። በለቀማው ሰሞን የባንክ ብድር ከዘገየ ማኅበሩ ባዶ እጁን ይቀርና እሸቱ ወደ ግል ጣቢያ ይሄዳል። የልጅ ትምህርትና የዕዳ ክፍያ የሚጠብቀው ገበሬ ከዛሬ ብርና ከስምንት ወር በኋላ ከሚመጣ ተስፋ አንዱን እንዲመርጥ ሲገደድ የዛሬውን መምረጡ አያስወቅሰውም።

ሁለተኛው መንገድ የተከፈተው በቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የምርት ገበያ ቡናን በአካባቢና በደረጃ እየመደበ ይሸጥ ስለነበር ገዢው ቡናው ከየትኛው ጣቢያ እንደመጣ ማወቅ ይቸግረው ነበር። ስፔሻሊቲ ገዢዎች በዚህ አምርረው ያማርሩ ነበር። ለምርት ገበያው የሚከራከሩት ደግሞ ክፍያን በማፋጠንና ዋጋን ይፋ በማድረግ አቅራቢውን ከክፍያ ክህደት አድኗል ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። ከአዋጁ በኋላ የገዛ ማሳው ያለው አምራች፣ ማኅበር ወይም ከላኪ ጋር የተሳሰረ አቅራቢ ቡናውን ምንጩን እንደያዘ መላክ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባስተናገደችው፣ ምርጥ ቡናዎች በቅምሻ ተወዳድረው በጨረታ በሚሸጡበት የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ ለአንድ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) ከ180 ዶላር በላይ ማውጣቱ የዚህ ለውጥ ፍሬ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጨረታ በጥቂት ከረጢት የሚካሄድ ነውና የጠቅላላው ገበያ መለኪያ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ስሙ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋርም ክርክር ተነሣ፤ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት ተቋጨ። የውጭ ኩባንያዎች ስሙን በፈቃድ፣ ያለ ሮያሊቲ እንዲጠቀሙ ተደረገ። ሮያሊቲ ማለት ስሙን የተጠቀመ ሁሉ ለባለቤቱ የሚከፍለው ድርሻ ነው።

በጊዜው ሁለት ሐሳቦች ተጋጭተው ነበር። አንዱ ወገን የመልክዓ ምድር አመልካች የሚባለው መብት ይሻላል አለ፤ ስሙን ከቦታውና ከአመራረቱ ጋር አጣብቆ የሚይዝ ጥበቃ ነው። መንግሥት የንግድ ምልክትን የመረጠው በየተራራው የተበተኑ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎችን ማሳ መቆጣጠር ከባድ ነው በሚል ነበር። ምክንያቱ በዚያን ጊዜ የሚያሳምን ነበር። ውጤቱ ግን ስሙ የመንግሥት ሆኖ ከጌዴኦ ጓሮ ጋር በሕግ አለመታሰሩ ነው። በምርት ገበያው ምደባ እንኳ ይርጋጨፌ ሲባል ከጌዴኦ ውጭ ያለው ገላና አባያ ይካተት ነበር። የጎረቤቱም ቡና ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ነጥቡ ስሙ ጥላ ዛፍን፣ እንሰትንና ትክል ድንጋይን የማያውቅ መሆኑ ነው። ጥላውን ያነሣ ገበሬም ያቆየም ገበሬ በአንድ ስም እኩል ይሸጣል።

የ2.6 ቢሊዮኑ ዶላር ምሥጢር

በ2016 በጀት ዓመት ወደ ውጭ የተላከው ቡና 300 ሺህ ቶን ግድም ሲሆን 1.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል አስገኘ። በ2017 መጠኑ ወደ 470 ሺህ ቶን ተጠጋ። ቁጥሮቹ ሲካፈሉ በኪሎ የተገኘው አማካይ ዋጋ ከ4.8 ዶላር ወደ 5.6 ዶላር አካባቢ ብቻ ነው የጨመረው። ገቢውን ያሳደገው በአብዛኛው የተላከው ቡና መብዛት ነው እንጂ የዋጋው መናር አይደለም፤ የስፔሻሊቲ ድል ነው ማለትም ይከብዳል።

መጠኑ ለምን ዘለለ? ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት በርካታ ላኪዎች ቡናን እየከሰሩ ይልኩ ነበር። የሚፈልጉት ዶላሩን ነው፤ በዶላሩ ዕቃ አስገብተው ኪሳራቸውን ያካክሱ ነበር። በዚህ ምክንያት ቡና በአገር ውስጥ ከዓለም ዋጋ በላይ የሚሸጥበት ጊዜ ነበር፤ በኮንትሮባንድ የሚወጣውም ቀላል አልነበረም። አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በበጀት ዓመቱ ማብቂያ ከ130 ብር ሲያልፍ በሕጋዊ መንገድ መላክ አዋጪ ሆነ። በዚያው ዓመት በብራዚል ድርቅ ሳቢያ የኒው ዮርክ ዋጋ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 በፓውንድ ከ4 ዶላር አለፈ።

ገበሬው እጅ የገባው ብር ስለዚህ ጨምሯል። ግን ብሩ በረከሰበት ልክ ሁሉ ጨመረ ማለት አይደለም፤ ቀድሞም የአገር ውስጥ ዋጋ በላኪዎቹ ኪሳራ ተደግፎ ከፍ ብሎ ነበርና። በዚያ ላይ የጤፍና የበቆሎ ዋጋ፣ የለቃሚ የቀን ሠራተኛ ክፍያና ትራንስፖርት አብረው ወጥተዋል።

ከሳተላይት ሲታይ

አሁን ትልቁ ግርታ ያለው በአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ ላይ ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ፤ ተግባራዊነቱ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትልልቅና ለመካከለኛ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. እስከ ታኅሣሥ 2026 መጨረሻ ተገፍቷል። ፍሬ ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተሠራ ማሳ ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ አይገባም። ለዚህም የእያንዳንዱ ማሳ የሚገኝበት ነጥብ መመዝገብ አለበት፤ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ደግሞ ዙሪያ ድንበሩ።

ሕጉ አግሮፎረስትሪን እርሻ እንጂ ደን አይለውም። ስለዚህ የጌዴኦ ጓሮ በሕጉ ቃል ችግር የለበትም። ችግሩ ያለው በካርታው ነው። ከሳተላይት ሲታይ ዋንዛና ብርብራ የሸፈነው ጓሮ ደን ይመስላል። ካርታው እ.ኤ.አ. በ2020 ደን ነበር ብሎ ከመዘገበው፣ ገበሬው ያረጀ ቡና ለመጎንደል ጥላውን ሲያሳሳ ደን እንደመነጠረ ሊቆጠር ይችላል። ጥላ አልባ ማሳ ያለው ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይቀርብለትም። ዛፍ ያቆየው ሰው ማስረጃ እንዲያመጣ፣ ያላቆየው በነፃ እንዲያልፍ የሚያደርግ አፈጻጸም ሕጉ ከተነሣበት ዓላማ ጋር ይጣላል። የሕጉ ደጋፊዎች ካርታው መነሻ ብቻ ነው፣ የመስክ ማስረጃ ያሸንፋል ይላሉ። ትክክል ነው፤ ግን የመስክ ማስረጃውን ማን ከፍሎ ይሰበስባል?

መረጃውን ዛሬ የሚሰበስቡት ማኅበራትና ላኪዎች ናቸው፤ ብዙ ቦታ ላይ ደግሞ ላኪው በራሱ ወጪ። የገበሬው ማሳ ነጥብ በአንድ ላኪ መዝገብ ውስጥ ብቻ ከቀረ፣ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ሊሸጥ ሲፈልግ ያለ መረጃ ወደ አውሮፓ የማይገባ ቡና ይዞ ይቀራል። ፉክክር ነው የእሸትን ዋጋ ከፍ የሚያደርገው ካልን፣ የመረጃው ባለቤትነት ያንኑ ፉክክር ሊገድለው ይችላል። የማሳው መረጃ የገበሬው ሆኖ፣ በማኅበሩ ወይም በወረዳው በኩል ለማንኛውም ሕጋዊ ገዢ እንዲሰጥ በመመሪያ ቢደነገግ የሚያስወጣው ወጪ ትንሽ ነው።

ጥላው የሚነሣበት ምክንያት

ማሳው ከአባት ወደ ልጆች ሲከፋፈል ብዙው ይዞታ ከግማሽ ሄክታር በታች ወርዷል። ቡና ሲወደድ ገበሬው እንሰቱን ነቅሎ ቡና መትከል ያምረዋል፤ ቡና ሲረክስ ደግሞ ጫትና ባሕር ዛፍ ይመጣሉ። በሁለቱም በኩል የሚጎዳው ድርብርቡ ጓሮ ነው። የሽማግሌዎቹ ሥርዓት በወጣቱ ዘንድ ያለው ተሰሚነት መቀነሱም ዛፍን የሚጠብቀውን ክልከላ አላልቶታል።

የአየር ንብረት ለውጡ ጫናውን ያከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት አስፈላጊው እርምጃ ካልተወሰደ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቡና ላይመች እንደሚችል ገምቷል፤ ቡናው ወደ ከፍታው ከወጣ ግን ተስማሚ መሬት እንደሚኖር አመልክቷል። በጌዴኦ ከፍታው ባዶ አይደለም። እንደ ቡሌ ባሉ ደጋማ ወረዳዎች መሬቱ የእንሰትና የገብስ ነው። ቡናው ሽቅብ ሲወጣ የሚገፋው ደግሞ ያንኑ ቀለብ ነው። ባለበት ለማቆየት ካሉት ዘዴዎች ዋነኛው የማሳውን ሙቀት የሚቀንሰው የዛፍ ጥላ ነው፤ ለዚህ ጥላ ግን ከኪሎው ዋጋ ላይ ዛሬ አንድም ሳንቲም አይታሰብም። ሁለተኛውን ክፍያ ከቅምሻ ነጥብ ጋር ብቻ ሳይሆን ከቆመው ጥላ ዛፍ ጋር ማያያዝ የሚቻለው የማሳው መረጃ ሲኖር ነው፤ ለአውሮፓ ገበያ ተብሎ አሁን እየተመዘገበ ያለውም ይኸው መረጃ ነው።